ግምጃ ቤቱ ሲጎድል

የየካቲት 1966 የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ በመስከረም 1985 ብር ከዶላር አንጻር መውረዱ፣ ከ1997 ምርጫ በኋላ የለጋሾች ገንዘብ መቋረጡ፣ የ2009 የቀን ገቢ ግምት፣ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ መለቀቁ። እነዚህን አንባቢ በየተራ ያውቃቸዋል፤ አንዱን ከአብዮቱ፣ አንዱን ከምርጫ ክርክር፣ አንዱን ከኑሮ ውድነት ጋር አያይዞ። በተርታ ሲቀመጡ ግን የአንድ ጉዳይ ታሪክ ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ጉድለቱን በማን ገንዘብ እንደሸፈነ፣ ያም ለዜጋው የመናገር፣ የመደራጀትና ሹሙን የመጠየቅ መብት ምን እንዳመጣለት ወይም ምን እንዳሳጣው ይናገራሉ።

ገንዘብ ያጠረው መንግሥት ለሕዝብ ይለሰልሳል ይባላል። በድሃ አገር ነፃነት ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ ልማት የሚልም አለ። የሰማንያ ዓመቱ መዝገብ ሁለቱንም አያጸናም፤ ግምጃ ቤቱ ጎድሎ በር የተከፈተበትም፣ የተዘጋበትም ጊዜ አለና። ልዩነቱን ያመጣው ጉድለቱን የሞላው እጅ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ገንዘቡ ከወዳጅ መንግሥት፣ ከአበዳሪ ወይም ከብሔራዊ ባንክ ሲመጣ ገዢው ለአገሬው መልስ የመስጠት ግድ አልነበረበትም። ከአገሬው ላይ ማውጣት ሲፈልግ ደግሞ ሳያማክር ሊያወጣ ሞከረና ጠብ ገጠመው። ከግብር ከፋዩ ጋር ተቀምጦ መነጋገር እየተጀመረ የተተወ ነገር ነው።

ከ1934 እስከ 1952፦ የእንግሊዝ ፓውንድና የአሜሪካ መሣሪያ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ የሚከፈል ደመወዝ እንጂ የሚከፈልበት ገንዘብ አልነበረም። በጥር 1934 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኘ። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ የእንግሊዝ አማካሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተቀመጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሌላ የውጭ አማካሪ ለመሾም ከለንደን ጋር መመካከር ነበረባቸው። ከዚህ ጥገኝነት ለመውጣት ሌላ ገቢ አስፈለገና ዓይን ወደ መሬት ዞረ። በ1937 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ አሥራትን ጨምሮ በጋሻ ለለም መሬት 50፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር ቆረጠ።

ይህ አዋጅ የኋላውን ሁሉ ያሳያል። ቁርጡ በብር ስለሆነ ምርት ሲጨምርና ዋጋ ሲወጣ አብሮ አላደገም። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ደግሞ ከአዲሱ ተመን ውጭ ሆነው በቀድሞ ግብራቸው እንዲቀጥሉ ተተዉ። ትግራይ ቀዳማዊ ወያኔ በሚባለው አመፅ ከታመሰች ብዙ አልቆየችም፣ ጎጃምም ሸፍቶ ነበር። መንግሥት አመፅ በፈራበት ቦታ ግብሩን ተወው፣ ባልፈራበት ደቡብ ጫነው፤ እዚያም ባለመሬቱ ዕዳውን ወደ ጭሰኛው አሻገረው። መደራደር የቻለው ጠመንጃ ያለው ብቻ ነበር ማለት ነው።

በግንቦት 1945 ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ውል ደግሞ ጥያቄውን ጨርሶ አዘገየው። አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘውን የመገናኛ ጣቢያ ይዛ ሠራዊቱን ማስታጠቅና ማሠልጠን ጀመረች፤ በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ ከሰጠችው ወታደራዊ እርዳታ ከግማሽ በላይ የሆነው ወደዚህ መጣ። የአገሪቱ ትልቁ ወጪ በሌላ ኪስ ሲሸፈን፣ የተሻሻለው የ1948 ሕገ መንግሥት ስለ ግብርና በጀት ለፓርላማ የሰጠው ሥልጣን ከወረቀት ብዙም አላለፈም። ፓርቲ ክልክል ነው፣ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልጋል፤ ምክር ቤቱ ስለዚህ የባለርስቱን ጥቅም ሲጠብቅ እንጂ የመንግሥትን ወጪ ሲመረምር አልታየም።

1960፦ ቀላድ የፈራው ጎጃም

በኅዳር 1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወረቀት ሲነበብ ፍትሐዊ ነበር። አሥራት ይቅር፣ ግብሩ በምርት ላይ ይሁን፣ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል ይላል። መንግሥት ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ አበዳሪዎችም ከእርሻ የሚገኘው ገቢ ማነሱን ሳይናገሩ አልቀሩም። ፓርላማው አንቀጾቹን አለሳልሶ አሳለፈው።

የጎጃም ገበሬ ያነበበው ግን ሌላ ነገር ነው። ምርት ሊገመት ነው ሲባል መሬት ሊለካ ነው፣ መሬት ሲለካ ቀላድ ሊጣል ነው ብሎ ደመደመ። ቀላድ በደቡብ ምን እንዳደረገ ሰምቷል፤ የተለካው መሬት ለመንግሥትና ለባለሟል ተከፋፍሎ የቀድሞ ባለቤቱ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገማቾች ተባረሩ። ሽማግሌዎች አቤት ሊሉ አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ነገሩን በጉልበት ሊጨርሱት ሞከሩ፤ ጦር ዘመተ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። በመጨረሻ ደጃዝማቹ ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ አዲሱ ግብር ጎጃም ላይ ሳይሠራበት ቀረ፣ ከ1942 ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍም ተማረ።

ይህ የርስት ጠብ እንጂ የነፃነት ትግል አይደለም የሚል ክርክር አለ፤ እውነት አለው። የሸፈተው ባላገር ስለ ምርጫም ስለ ፕሬስም አላነሳም፣ ከመሪዎቹም አንዳንዶቹ የራሳቸውን ክብር የሚጠብቁ መኳንንት ነበሩ። ቢሆንም ያነሱት ጥያቄ የእያንዳንዱ ግብር ከፋይ ጥያቄ ነው፤ ማን ገምቶ፣ ማን ፈቅዶ፣ ለምን ሥራ? ይህን ለመመለስ መንግሥት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ለክፍያው በምላሹ የሚታመን ምክር ቤት፣ የሚሻር ሹምና የርስት ዋስትና መስጠት፤ ሁለተኛው ግብሩን መሰረዝ። ሁለተኛውን መረጠ። ቤተ መንግሥቱ ገንዘቡንም፣ ከገበሬው ጋር ሊዋዋል የሚችልበትንም አጋጣሚ በአንድ ላይ አጣ።

1966፦ የቤንዚን ዋጋ

ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጉድለቱ በከተማ በኩል መጣ። ከጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በአራት እጥፍ ገደማ ሲወጣ፣ ነዳጇን በሙሉ ከውጭ የምታስገባው ኢትዮጵያ የምትሸሽበት አልነበራትም። ወሎ ተርቧል፤ መንግሥት ረሀቡን ደብቆ ነበርና እርዳታ ለመለመን እንኳ አፍሮ ከርሟል። በጥር ነገሌ ቦረና ላይ የተራ ወታደሮች የውኃ ጉድጓድ ተበላሽቶ መኮንኖች የራሳቸውን ሲከለክሏቸው ጦሩ አመፀ። ሊያረጋጉ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው።

በየካቲት መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ጨመረ። ያንኑ ሰሞን ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ዕቅድ ወሬው ወጣ። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጠናው ይህ ዕቅድ ውድ የሆነውን የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ገታ አድርጎ በርካሽ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙ ሕፃን ለማዳረስ ያስባል። በቁጥር ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ ለመምህሩና ለወላጁ ግን የድሃ ልጅ እዚያው ይቅር የሚል ፍርድ ሆኖ ተሰማ፣ ማንም አልጠየቃቸውምና። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎችና መምህራን በአንድ ላይ ሥራ አቆሙ። በቀናት ውስጥ የቤንዚኑ ዋጋ ቀነሰ፣ ዕቅዱ ተነሳ፣ የወታደር ደመወዝ ጨመረ፤ የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። እያንዳንዱ እሺታ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፣ ገንዘቡ ግን የለም።

ቀጥለው የመጡት ወራት በዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ከታዩት ሰፊ የነፃነት ወራት አንዱ ናቸው። የሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ አድማ ጠሩ፣ ሙስሊሞች በሚያዝያ ለእኩልነት በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ፣ ጋዜጦች ያልለመዱትን ጻፉ፣ ለአዲስ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ኮሚሽን ተቋቋመ። እዚህ ላይ ነው የገንዘብ ችግር ነፃነት ያመጣል የሚለው ወገን የሚያይለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ግን ያ ሁሉ በወታደር እጅ ገባ። ፓርቲ በሌለበት፣ ምክር ቤቱ የባለርስት በሆነበት አገር ጉድለቱ መንግሥቱን ገነደሰው፤ በምትኩ የሚደራደር ወገን ግን ከየት ይምጣ? ተደራጅቶ የቆየው ሠራዊቱ ብቻ ነበር። ወታደሩም ከፍተኛ ደመወዝና የጦር በጀት ጠያቂ እንጂ ቆጣቢ አልሆነም።

ከ1967 እስከ 1983፦ ኮታ፣ መዋጮና ቡና

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አወጣው፤ ይህን የሚክድ ታሪክ ጸሐፊ አላውቅም። ከባለመሬቱ የተረፈው እህል ግን ገበሬው ዘንድ ሲቀር ከተማውና ሠራዊቱ ጎደለባቸው። መፍትሔ ተብሎ የመጣው እርሻ ሰብል የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ነው። ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ በኩል የተመደበለትን ኮታ መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ያስረክባል። ምርቱ ያልደረሰለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስገባ ነበር። በዚህ ላይ የእናት አገር ጥሪ፣ የድርቅ መዋጮ፣ የማኅበር ክፍያ ይደረባል። ኮታን ግብር ብሎ የጠራ አዋጅ የለም፤ ሥራው ግን የግብር ነው፣ ያውም ምክር ቤት ያልመከረበት፣ ደረሰኙ የማይታወቅ ግብር። ኮታውን ለመሰብሰብ የተዘረጋው የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መዋቅር ደግሞ ያንኑ ያህል ለስለላና ለውትድርና ምልመላ አገለገለ። አፈናው ከርዕዮተ ዓለም ብቻ አልመጣም፤ ከአወጣጡም የመጣ ነው።

መሣሪያው ከሶቪየት ኅብረት በብድር፣ የውጭ ምንዛሪው ከቡና ነበር። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ተናጉ። ጎርባቾቭ እጃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ በሰኔ 1981 መጨረሻ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈርሶ ዋጋው ወደቀ። በየካቲት 1982 መጨረሻ ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚን አወጀ፣ የእህል ኮታውም ቀረ። ከዚያ የሆነው ነገር ከብዙ መግለጫ ይበልጣል፤ ገበሬዎች በሳምንታት ውስጥ አብዛኛውን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አፍርሰው መሬቱንና በሬውን ተከፋፈሉ። ለአሥር ዓመት ያህል በሕዝብ ፈቃድ የቆመ ሲባል የነበረው አንድም ጥይት ሳይተኮስ ፈረሰ። ሥርዓቱ ግን የገበያውን በር ከፍቶ የፖለቲካውን አልከፈተም፤ በግንቦት 1983 ወደቀ።

ከ1984 እስከ 1998፦ የለጋሾች ዘመን

መስከረም 21 ቀን 1985 ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የብር ተመን ከ2.07 ወደ 5 ብር በዶላር ወረደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቅድመ ምርመራ ቀርቶ የፕሬስ አዋጁ ወጣ፤ የመጽሔትና የጋዜጣ አዟሪ ከተማውን ሞላው። አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም ግን ከአንድ ሁኔታ የተወለዱ ናቸው። ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቷል፣ ባዶ ግምጃ ቤት የወረሰው አዲስ መንግሥት የምዕራቡን ብድርና እርዳታ ይፈልጋል፣ ምዕራቡም በዚያ ዘመን ገበያና ምርጫን አያይዞ ይጠይቃል። ነፃነቱ የእርዳታው ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ስለመጣ ጠባቂውም በከፊል ውጭ አገር ነበር።

የዚህ ድክመት በ1997 ታየ። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት፣ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን እንደመዘገበው 193 ሲቪሎች ተገደሉ፤ የተቃዋሚ መሪዎችና የጋዜጣ አዘጋጆች ታሰሩ። ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን አቆሙ። ወዲያው ግን አንድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ ገንዘቡ የመምህርና የጤና ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ ቢቆም የሚጎዳው ማን ነው? በ1998 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ በሚል ስም ገንዘቡ በወረዳ በኩል መፍሰሱን ቀጠለ። ለጋሾቹን ግብዝ ማለት ቀላል ነው፤ ሕፃናትን ከክትባት ማስቀረትም መልስ አልነበረም። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ሌላ ነው። በጀቱን የሚሞላው የሌላ አገር ግብር ከፋይ ሲሆን የዚህ አገር መራጭ የሚይዘው መያዣ የለውም፤ ለጋሹም ያለው መያዣ ሲጠቀምበት ድሃውን የሚጎዳ ነው።

ከ2001 እስከ 2010፦ ያለ ጠያቂ ግንባታ

በ1996 ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀው የዕዳ ቅነሳ ተሳክቶ ነበርና መንግሥት እንደገና የመበደር አቅም አገኘ። በ2001 የወጡት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የፀረ ሽብር አዋጆች፣ ቀጥሎም የ2002 ምርጫ ውጤት (ከ547 መቀመጫ 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ) ያጠበቡትን ሜዳ የቻይና ብድር፣ የአገር ውስጥ ቁጠባና ቦንድ ሞሉት። የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ላይ 27 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲያውሉ ታዘዙ። በመጋቢት 2003 የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ በሠራተኛው የወር ደመወዝ፣ በነጋዴውና በውጭ አገር ነዋሪው ቦንድ ተገነባ። በኅዳር 2007 አገሪቱ በታሪኳ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ቦንድ ሸጠች፦ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ለአሥር ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ።

በዚህ ዘመን ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽኑ በየስብሰባው ድርድር ቢጠበቅ ኖሮ ይሠራ ነበር ወይ? ምናልባት ባልፈጠነ ነበር፤ ይህን አምናለሁ። ግን ወጪው ያልተጠየቀ ስለሆነ ስሕተቱም አልተጠየቀም። በቢሊዮኖች የሚቆጠር ብር የወጣባቸው የስኳር ፋብሪካዎች የታቀደላቸውን ሳያመርቱ ዓመታት አለፉ፣ ዕዳው ሲጠራቀም በምክር ቤቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ተቃዋሚ አልነበረም፤ የ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም ወንበር ለገዢው ወገን ሰጥቷልና። በጥር 2010 የዕዳ ጫናው ስጋት ከፍተኛ ተብሎ ተመደበ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2009 የሆነው፣ በኋላ በመጡት ትልልቅ ክስተቶች የተሸፈነው ነገር ለዚህ ታሪክ ዋና ነው። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ የደረጃ ሐ ነጋዴዎች የቀን ገቢያቸው ተገምቶ ቁርጥ ግብራቸው መጣላቸው። ገማቹ ሱቅ ገብቶ ዛሬ ስንት ሸጥክ ብሎ ጠይቆ፣ ዕቃውን በዓይኑ ቃኝቶ ይሄዳል፤ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ወረቀት ለብዙው ከጠበቀው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። በአምቦ፣ በወሊሶና በአዲስ አበባ በኮልፌ ሱቆች ተዘጉ። በ2008 ከአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ ገና ባልበረደበት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባልተነሳበት ወቅት ነው ይህ የሆነው። ከውጭ ምንዛሪ እጥረት ጋር ተደምሮ መንግሥቱን ከውስጥ ነቀነቀው፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቃቸውን አሳወቁ።

ከ2010 እስከ 2017፦ በሮች ሲዘጉ

ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ሥልጣን ሲይዙ እስረኞች ወጡ፣ ከ200 በላይ የተዘጉ ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ፣ ስደተኛ ፓርቲዎች ገቡ። የዚያኑ ሰኔ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገባች፤ ከዚያ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ በቀጥታ ብሔራዊ ባንክ የተቀመጠ ነው። ዲያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ተጠየቀ። በታኅሣሥ 2012 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 2.9 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። የመከፈቱ ወጪ እንደገና ከውጭ ተሸፈነ፤ በጀቱ ላይ የመምከር ልማድ ግን አልተፈጠረም።

በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የአውሮፓ ኅብረት 88 ሚሊዮን ዩሮ የበጀት ድጋፍ ያዘ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ችግር ያለሰልሳል ከተባለ የሚፈተንበት ጊዜ ይህ ነበር፤ አልለሰለሰም። መንግሥት ወደ ብሔራዊ ባንክ ብድር ዞረ፣ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ንረት ማንም ያልመከረበት፣ ደመወዝተኛውን ከሁሉ በላይ የሚያስከፍል ግብር ነው። ከአገር ውስጥ የሚሰበሰበው ትክክለኛ ግብር ደግሞ ከጠቅላላ ምርት አንጻር ከ8 በመቶ በታች ወረደ። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የቦንዱን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ የገንዘብ ድርጅቱም 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ።

ይህ ሁሉ ከዋሽንግተን የታዘዘ ነው የሚሉ አሉ። የምንዛሪው ለውጥ ለብድሩ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ አከራካሪ አይደለም። ግን አበዳሪው ያንን ወንበር ያገኘው ባዶ ስለነበር ነው። ቦንዱን መሸጥ፣ ፋብሪካውን መገንባት፣ ባንክን ማዘዝ የተወሰነው እዚህ ነው፤ ሲወሰን የአገሩ ግብር ከፋይ አልተጠየቀም፣ ሲከፈል ግን ከፋዩ እሱ ነው።

አሁን የቀድሞዎቹ በሮች አንድ በአንድ ጠበዋል፤ ለጋሹ አገር በጀቱን እየቀነሰ ነው፣ የቦንድ ገበያው ፊቱን አዙሯል፣ ከብሔራዊ ባንክ መበደር በስምምነት ተገድቧል። ስለዚህ መንግሥት ወደ ዜጋው መጥቷል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከተወሰነ መጠን በላይ ወደሆነ የመብራትና የውኃ ፍጆታ ተዘረጋ፣ የንብረት ታክስ አዋጅ ወጣ፣ የደመወዝ ግብር የማይነካው መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ቢልም መረቡ ሰፍቷል። በ1937፣ በ1960ና በ2009 መንግሥት እንዲሁ መጥቶ ነበር፤ ሦስቴም ሳያማክር ገምቶ መጣ። አራተኛው መምጣቱ የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እስካሁን አላየሁም፤ ሰኔ 26 ቀን 2017 የጸደቀው የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲሆን፣ አብዛኛው ገቢ ከአገር ውስጥ እንዲሰበሰብ ነው የታቀደው።